እማዬ ለጨዋታ የተቀመጠችበት ክረምት

ሰኔ 15፣ እሑድ ማታ

የዘንድሮው ዘውድ፣ የቤታችን የካርታ ጨዋታ፣ ዛሬ ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ሰው ጎደለ። የሽቦ ሚስት ነርስ ናት፤ ክረምቱን በሙሉ እሑድ እሑድ ተረኛ አድርገዋታል። ሽቦ ታናሽ ወንድሜ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ነው፣ በቅጥነቱ። ዘውድ ደግሞ በሦስት ሰው አይሆንም። ጎረቤት እንጥራ እያልኩ፣ ሽቦም «አባባ በባዳ ከተሸነፈ ሰፈር ይለቃል» እያለ ሲቀልድ፣ እማዬ የሻይ ትሪውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና «እኔ እቀመጣለሁ» አለች።

እማዬን የማውቃት ስንጫወት ከጀርባችን ቆማ ሻይ ስትቀዳ ነው። ሽቦ ሕጉን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ስሳሳት ትነግሩኛላችሁ አለችና ወንበር ስባ በቀኜ ተቀመጠች።

ትልቋ ልጄ ሕጉን ንገሪኝ ብላ ስለነዘነዘችኝ እንዲህ አልኳት፦ ካርታ ይታደላል። ተራሽ ሲደርስ ሁለት ዳይስ ትወረውሪያለሽ። ድምሩን የያዘ ካርታ ካለሽ ትጥያለሽ፣ ከሌለሽ ከክምሩ ትስቢያለሽ። ከዚያ ከእጅሽ አንዱን ዘቅዝቀሽ በቀኝሽ ላለው ታሳልፊያለሽ። ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው፤ ማን ምን እንደማይፈልግ ማወቅ። ንጉሥ የሚወርደው ሁለቱ ዳይሶች ጥንድ ሲወጡ ብቻ ነው። ንጉሥ ይዞ የቀረ ጉድ ፈላበት። ቀድሞ እጁን ባዶ ያደረገ እሑዱን ይወስዳል። ብዙ እሑድ የወሰደ ክረምቱን ይወስዳል፤ ክረምቱን የወሰደ ደግሞ ቤተሰቡን አንድ ነገር ይጠይቃል። እምቢ ማለት የለም። የአባባ ሕግ ነው።

«ማን አሸነፈ?» አለችኝ ልጄ።

አያትሽ አልኳት። አላመነችኝም። እኔም አላመንኩም። እማዬ የመጨረሻዋን ካርታ ስትጥል አባባ መነጽሩን አውልቆ አየ፣ መልሶ አድርጎም አየ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። ማተሚያ ቤታችን ውስጥ የማጠፊያው ማሽን ቆመ። የተማሪ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ሳይከፈት ማለቅ አለባቸው፤ የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጩኸቱ ሁሉ ወደ እኔ። ልጆቹ እማዬ ጋ አመሹ። ራት በልተው፣ ታጥበው፣ ጸጉራቸው ተሠርቶ ጠበቁኝ። እግዜር ይስጣት።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ደገመችው!

ሽቦ የጀማሪ ዕድል ነው ብሎ ሳቀ። አባባ አልሳቀም። አባባ ጡረታ እስኪወጣ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር፤ የነጋዴውን ሚዛን እየዞረ ሲፈትሽ ነው የኖረው። ጓዳ ገባና የድሮ ትንሽ ሚዛኑን ይዞ መጣ። ሁለቱን ዳይሶች አንዷን በአንዱ፣ ሌላዋን በሌላው ሳህን ላይ አስቀመጠ። ዘንጉ ቀጥ አለ። ቦታ አቀያየራቸው፤ አሁንም ቀጥ አለ።

«ንጹሕ ናቸው» አለ፤ የተከፋ መሰለኝ።

«ማን አስተማረሽ?» ብሎ እማዬን ጠየቃት።

«ከጀርባችሁ ቆሜ ነው የኖርኩት እኮ» አለች እማዬ። ከዚያ ተነሥታ ብርጭቆ ሰበሰበች።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

የከትናንት ወዲያውን እሑድ አባባ ወሰደው። ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ። እንዴት እንደተደሰትን ሳስበው ይገርመኛል፤ እማዬ ስታሸንፍ እኮ ማንም አልተጎዳም።

ዛሬ ማታ ሙጫ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ለቆራጯ ስለ ዘውድ አጫወትኳት። ቆራጯ ስለታሙ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ የምትሠራ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አሸናፊዎቹ እስከ ዛሬ ምን ጠይቀው ያውቃሉ አለችኝ። አባባ አንድ ዓመት አጥሩን እንድንቀባ አደረገ። ሽቦ ለምን አታገባም እንዳትሉኝ ብሎ ጠየቀ፤ ያንኑ ዓመት አገባ። እኔ ያለፈውን ክረምት ስወስድ ልጆቼን እማዬ ትያዝልኝ አልኩ።

«እስከ መቼ?» አለች ቆራጯ።

እስኪያድጉ ነዋ አልኳት። ቆራጯ አየችኝና ወደ ማሽኗ ዞረች። ለሥራ ጥሩ ናት፣ ለወሬ አትሆንም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

እማዬ። በጥቂት ዙር። ሽቦ እጁ ላይ ሁለት ንጉሥ ቀርቶበት ጠረጴዛውን መታ። አባባ ሻይ አልፈልግም አለ። እማዬም «ካልፈለግክ ተወው» አለችው። ይህንንም አልለመድነውም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ ማታ

ልጆቹ እስኪተኙ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ዛሬ መብራት ጠፍቶ ቀድመን ከሥራ ወጣን። ልጆቹን ልወስድ እማዬ ጋ ገባሁ። ልጆቹ ጓሮ ናቸው። አባባ መኝታ ቤት ጋደም ብሏል። እማዬ ሳሎን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በስልክ ታወራለች። ከአክስቴ ጋር መሆኑን በድምፅዋ አወቅኩ፤ እንደ ልጃገረድ የምታወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። አክስቴ የእማዬ ታላቅ ናት፤ ሌላ ከተማ ልብስ ስፌት ቤት አላት፣ ባሏ ከሞተ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እማዬም ከማግባቷ በፊት እዚያው ትሰፋ ነበር።

ልጠራት አፌን ስከፍት እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«ይህን ክረምት ከወሰድኩ እመጣለሁ። አይ፣ ለጉብኝት አይደለም፣ ለመኖር ነው። እንዲሁ ብነግራቸው ይስቃሉ። ካሸነፍኩ ግን እምቢ አይሉኝም፤ ሕጋቸው ነው።»

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ኋላ ወጣሁና በሩን እንደ አዲስ አንኳኳሁ። እማዬ ከፈተችልኝ። «ዛሬ ምነው በጊዜ?» አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ልጆቹ ምሳቸውን በልተዋል፣ የትንሿ ጥርስ ተነቃንቋል፣ የታጠበው ልብስ ዘንቢሉ ውስጥ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሁሉን ነገረችኝ። እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁም።

ለማን ልንገር? የልጆቼ አባት ከባድ መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ለሽቦ ብነግረው በማግሥቱ ለሁሉም ይነግራል። ለአባባማ የማይሞከር ነው።

ምን አጠፋንባት? ማን ክፉ ተናገራት? ቆጥሬ ቆጥሬ አንድም ሰው አጣሁ። ሁላችንም እኮ እንወዳታለን። እኔ በተለይ በየቀኑ ነው የማያት።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

የደረሰኝን ንጉሥ ሁሉ ለእማዬ አሳለፍኩ። ሕጉ ይፈቅዳል። ጨዋታ ነው።

አባባ አሸነፈ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

በሙጫ ሽታ ራሴን አሞኛል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆሞ አየን፣ እሱ ይብሳል።

ማታ እማዬ ጋ ስሄድ ወሬ ጀመርኩ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልገዛልሽ አስቤአለሁ አልኳት። ሳቀች። ምነው ዛሬ ደግ ሆንሽ አለችኝ። ደክሞሽ እንደሆነ ብዬ ነው አልኳት። እጇ ላይ የትንሿ ካልሲ ነበር፣ ቀዳዳውን እየሰፋች ነው። ቀና ብላ ትንሽ ጠበቀችኝ። የሆነ ነገር እንድላት የፈለገች ይመስል ነበር። እኔ ግን ነገ አርፍጄ ነው የምመጣው አልኳትና ወጣሁ።

ለጤናዋም ጥሩ አይደለም እኮ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አልጋ። እኔ ይህን የማስበው ለእሷ ብዬ ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ባለፈው እሑድ ሽቦ፣ ዛሬ እማዬ። ሁለት ንጉሥ ሰጥቻት እያለ! ጥንድ በጥንድ ላይ ወረወረች።

ነሐሴ 4፣ እሑድ ማታ

አባባ ወሰደ። ከጨዋታው በኋላ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ተከትላኝ ገብታ ማድረቂያ ጨርቁን አነሣች። ሳህን ሳቀብላት ትቀበለኛለች፣ ስትጠርግ አንዳንድ ነገር ታነሣለች፤ የዝናቡን፣ የጎረቤቷን ጉልበት። ከዚያ በዚያው ድምፅ፦

«ንጉሥ ስታሳልፊልኝ ካርታውን ከጫፉ ነው የምትይዢው» አለችኝ። «ሌላውን ካርታ ግን ከመሃል ትይዢዋለሽ።»

ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«አስተካክዪው። አባትሽ ቢያይብሽ ያፍርብሻል» ብላ ጨርቁን ሰቀለችና ወጣች።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው? ካወቀችስ ለምን አልተቆጣችም? ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን መስማቴንስ ታውቅ ይሆን?

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ትናንት ሽቦ አሸነፈ። ካርታ ከመሃል ያዝኩ። ንጉሡን ግን አሳለፍኩ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

አባባ። አሁን እሱና እማዬ እኩል ናቸው። የቀረው አንድ እሑድ ነው። ሽቦ «ባልና ሚስት ለፍጻሜ ደረሱ» እያለ ይጨፍራል። ምስኪን፣ ምንም አያውቅም።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ቤቴ ገብቼ ልጆቹን አስተኝቼ ተቀመጥኩ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የአባባ እጅ ላይ አንድ ካርታ ቀረ። የእማዬም አንድ። የእሷ ንጉሥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጥንድ ካላወጣች አባባ በሚቀጥለው ተራው ሊጨርስ ይችላል። እማዬ ዳይሶቹን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘቻቸው፤ ስትወረውር ዓይኗን አልከደነችም። አንደኛዋ ጠረጴዛው መሃል አራት ላይ ቆመች። ሁለተኛዋ ተንከባልላ እኔ ፊት ያለው የካርታ ክምር ጋ ደረሰችና ቆመች።

አራት ናት። በጎኗ ክምሩን ነክታለች እንጂ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ተቀምጣለች። አየሁ። ከእኔ በቀር በደንብ ሊያያት የሚችል ሰው አልነበረም፤ ክምሩ ይከልላታል። ሕጉ ደግሞ ተንጋዳ የቆመች ዳይስ ትሻራለች፣ ወርዋሪው ይደግማል ይላል። ፍርዱም ቅርብ ለተቀመጠ ነው። ለእኔ ማለት ነው።

«ተንጋዳለች» አልኩ።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። አውቃለሁ። የነገው ሰኞ ታየኝ፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው፣ የተቆለፈ በር ታየኝ።

እማዬ አየችኝ። በቁጣ አይደለም። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ይኑረኝ አይኑረኝ ስታይ በምታየኝ ዓይን ነው ያየችኝ። ከዚያ ዳይሶቹን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። ልትደግም! አንዲት ቃል ሳትከራከር!

አባባ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፣ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ዳይሷን አየ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መዳፉን የእማዬ እጅ ላይ አሳረፈ።

«ተያት። አልተንጋደደችም። አራት ናት፤ ጥንድ ነው» አለ። «ንጉሡን አውርጂ።»

እማዬ ንጉሡን አወረደች።

ሽቦ አጨበጨበ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ። ሽቦ «በይ ጠይቂን፣ ማሽን ነው፣ ቴሌቪዥን ነው፣ ምንድነው?» አላት። እማዬ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረችው።

«ከእህቴ ጋር ልኖር እሄዳለሁ» አለች። «የተጣላሁት ሰው የለም። መቼ ትመለሻለሽ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ ጥያቄዬ ይኸው ነው።»

ሽቦ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑ እንባ ሞላ። አባባ ካርታውን መሰብሰብ ጀመረ። ሊያስተካክል ሲል ካርታው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከአባባ እጅ ካርታ ሲበተን አይቼ አላውቅም። አራታችንም ጎንበስ ብለን ለቀምን።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት አባባ ማተሚያ ቤት መጣ። እዚያ መጥቶ አያውቅም። ሰው ሞተ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። በር ላይ ዝናብ ተጠልሎ አገኘሁት። ይቅርታ አባባ፣ ያየሁት እንዲያ መስሎኝ ነው ልል ጀመርኩ።

«አትጨምሪበት» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሚዛን ሳስተካክል ኖሬአለሁ። በቤቴ ጠረጴዛ ላይ አልሰርቅም።»

ምን እንደምትጠይቅ አታውቅም ነበር እኮ አልኩት።

«ስልኩ ያለው ሳሎን ነው» አለ። «መኝታ ቤቱ ደግሞ ሳሎኑ አጠገብ ነው። ደንቆሮ አይደለሁም።»

ክረምቱን ሙሉ ያውቅ ነበር። እያወቀ ተጫወተ፣ ሊያሸንፋትም በሙሉ ልቡ ታገለ። በየእሑዱ ፊቱ እንዲያ የጨለመው ለካ በሽንፈት አልነበረም። ለምን ቁጭ ብለህ አላነጋገርካትም፣ አትሂጂ አላልካትም አልኩት። ዝናቡን አየ። ስንት ዘመን እንዳላነጋገራት ማሰብ ሲጀምር አፍሮ እንደተወው ነገረኝ። በጨዋታው ሊያስቀራት ፈለገ፤ እሱን ብቻ ነው የሚችለው።

«አንቺ የዋሸሽው ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ ሊሄድ ሲል። «ለእኔ ነው እንዳትዪኝ።»

ጃንጥላዬን ሰጠሁት። ሳይዘረጋው ሄደ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ሄደች። አንድ ሻንጣ። የስፌት መቀሷን በፎጣ ጠቅልላ እጇ ላይ ያዘች። አባባ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣውን ተሸከመ፤ ሽቦ ልያዝልህ ቢለው እምቢ አለ። ትንሿ ተንሰቀሰቀች። እኔ አላለቀስኩም፣ ሥራ ላይ ግን የሁለት መጽሐፍ ሽፋን ገልብጬ ለጠፍኩ። ቆራጯ አይታ ቀስ ብላ ሽፋኑን ገንጥላ አስተካከለችልኝ።

ከመሳፈሯ በፊት ይቅር በዪኝ አልኳት። «ትናንት ነው ይቅር ያልኩሽ» አለችኝ። «ልጆቹን ግን ጸጉራቸውን እያጠብሽ ሥሪላቸው። ደረቁን አትጎትቺባቸው፣ ያማቸዋል።»

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

መጻሕፍቱ ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ጊዜ ፈገግ አለ። ኦቨርታይም ከእንግዲህ አልችልም ብዬ ነገርኩት፤ ፈገግታውን መልሶ ወሰደ። የልጆቼ አባት ከመንገድ ተመልሶ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ራሱን ያዘ፤ ከዚያ ሰኞና ማክሰኞን እኔ እወጣቸዋለሁ አለ። የትንሿን ጸጉር ሲሠራ ማየት ነበር! አባባ ጨው የት እንዳለ ደውሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።

መስከረም 18፣ እሑድ

ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። አባባ አልመጣም፤ መጀመሪያ እሷ ትጥራኝ አለ። የአክስቴ ስፌት ቤት ጠባብ ነው፣ ጨርቅ በጨርቅ። አክስቴ ከማሽኗ ቀና ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች» አለችኝ።

አሟት ነው ወይ ብዬ ደነገጥኩ። አክስቴ አየችኝ። «ምሳ በላች፣ ተኛች። ሰው አይተኛም እንዴ?»

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ያለውን በር ቀስ ብዬ ገፋሁት። እማዬ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጫማዋ ወልቋል። መጋረጃው ክፍት ነው፣ የቀን ብርሃን ፊቷ ላይ ነው፣ አፏ ትንሽ ከፈት ብሏል። አንድ እጇ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ምንም አልያዘም።

ትንሿ ልጄ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አያቷን ተኝታ አይታት አታውቅም።

«አያቴ ሞተች?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አልሞተችም አልኳት፤ ተኝታ ነው። ተጠግታ እስክትሰማ ድረስ ግን አላመነችኝም። እማዬ ትንሽ ታንኮራፋለች። አላውቅም ነበር።

ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። የአክስቴ ማሽን በግድግዳው ማዶ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። የመልሱ አውቶቡስ ሰዓት እያለፈ ነበር። አልቀሰቀስናትም።